ከታፔላው በላይ ያለው መስመር፦ የአንድ ግላስጎው ቴነመንት የጥገና ማስታወሻ

ማርች፣ መጀመሪያ

ቦታው ስኮትላንድ፣ ደቡብ ግላስጎው፣ ጎቫንሂል ነው። ሕንፃው በ1880ዎቹ የተሠራ ቴነመንት ነው፣ ብዙ ባለቤቶች የሚጋሩት ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ። ምድር ላይ ሁለት ሱቅ አለ። ከላይ ሦስት ፎቅ፣ በየፎቁ ሁለት ቤት። ስምንት ባለቤቶች ነን ማለት ነው። የኔ ቤት አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ልክ ከትልቁ ሱቅ አናት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሳሎን መስኮቱ ሥር ያለው ልስን አብጦ መፈርፈር ያዘ። በዚያው ሰሞን ታች ሱቁ ኮርኒስ ጥግ ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ። የሱቁ ባለቤት ፓኪስታናዊ አዛውንት ናቸው፤ አትክልትና ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። እሳቸው የኔን የማሞቂያ ቧንቧ ጠረጠሩ፣ እኔ የሳቸውን ማቀዝቀዣ። የማሞቂያውን ግፊት ተከታተልን፤ ንቅንቅ አላለም። ማቀዝቀዣውም ዙሪያው ደረቅ ነው። እድፉ የሚሰፋው ዝናብ ከምዕራብ ነፋስ ጋር ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ከውጭ ነው የሚገባው።

በኔ መስኮትና በሳቸው ታፔላ መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። መፈለግ ያለብን እዚያ ውስጥ ነው።

ማርች፣ አጋማሽ፦ ሕንፃው ምን ላይ ነው የቆመው?

ምንም ነገር ከመንካታችን በፊት ይሄን መረዳት ፈለግኩ። የቴነመንት የፊት ግድግዳ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ነው። የውጭው ፊት በደንብ የተጠረበ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የውስጡ ፊት ሸካራ ድንጋይ ነው። መሃሉ በስብርባሪና በኖራ ተሞልቷል። ሕንፃው መኖሪያ ብቻ ከሆነ ይህ ግድግዳ እስከ መሠረቱ ይወርዳል። ሱቅ ሲኖር ግን አንደኛው ፎቅ ወለል ላይ ያቆማል። ባለሱቅ ሰፊ ቬትሪና ይፈልጋላ። ስለዚህ ግድግዳው የብረት ቢም (አግድም ተሸካሚ) ላይ ያርፋል፣ ቢሙን ደግሞ ቀጫጭን ኮለኖች ይሸከሙታል። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ላየው ሰው ሦስት ፎቅ ድንጋይ መስታወት ላይ የተቀመጠ ይመስላል።

የቪክቶሪያ ዘመን ግንበኞች ይህን በሁለት ዓይነት ብረት ነው የፈቱት። ኮለኖቹ ካስት አይረን ናቸው፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የተፈሰሰ ብረት። ሲጫኑት በጣም ይችላል፤ ሲጎብጥ ወይም ሲሳብ ግን ይሰበራል። ቢም ደግሞ ሲጫን ከሥሩ ይሳባል። ስለዚህ ለቢሙ ሮት አይረን ተጠቀሙ፣ ተቀጥቅጦና ተዳምጦ የተሠራ ብረት፣ መሳብ የሚችል። ከ1890ዎቹ ወዲህ ስቲል እየተለመደ መጣ። የኛ ሕንፃ ከዚያ ትንሽ ይቀድማል።

ብረት ለዚህ ሰፈር ሩቅ ነገር አልነበረም። ዲክሰንስ ብሌዝስ እየተባለ የሚጠራው የዊልያም ዲክሰን ብረት ማቅለጫ እስከ 1958 ድረስ እዚሁ አጠገብ ሌሊት ሌሊት ሰማዩን ያቀላው ነበር። ጎቫንሂል ራሱ ከ1877 እስከ 1891 ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፤ ከዚያ ነው ግላስጎው የጠቀለለው። ሕንፃችን የተሠራው በዚያ መሃል ነው። በ1878 የግላስጎው ሲቲ ባንክ ሲወድቅ የከተማው ግንባታ ለዓመታት ቀዝቅዞ ነበርና በዚያን ጊዜ ሕንፃ ያቆመ ሰው ከሱቅ ኪራይ የሚገባውን ገንዘብ በደንብ አስልቶ ነው የሚሆነው። ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ቴነመንቶች ሱቅ አላቸው፤ ወደ ጎን መንገዶቹ ስትገቡ መኖሪያ ብቻ ይሆናሉ።

ከሱቁ ታፔላ በላይ፣ ወደ ውጭ ወጣ ያለ የድንጋይ ከንፈር አለ። ጌጥ ይመስላል። ሥራው ግን ከላይ የሚወርደውን ውሃ ከግድግዳው አርቆ መጣል ነው። አናቱ በእርሳስ (ሊድ የሚባለው ለስላሳ ብረት) ላሜራ ይሸፈናል። ልክ ከሱ ኋላ ያለው ቢሙ ነው።

ኤፕሪል፣ መጀመሪያ፦ ታፔላው ሲወርድ

ባለሱቁ ፈቀዱ፣ እሑድ ጠዋት ታፔላውን አወረድነው። መሣሪያ፦ ሁለት መሰላል፣ የባትሪ መፍቻ፣ የሚስማር መንቀያ፣ የራስ መብራት።

የላዩ መብራት ያለበት የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ከሥሩ ግራጫ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ተገኘ። ሰሌዳው ጠርዙ ላይ ተሰብሮ ጭረት ጭረት ያለው ነገር ወጥቶበታል። እዚያ ላይ ሥራውን አቆምን። በዚህ አገር አስቤስቶስ፣ አቧራው ሳንባ የሚጎዳው የግንባታ ዕቃ፣ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተገጠመ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሳይመረመር አይነካም። በውሃ አርሰን በፕላስቲክ ሸፈንነው። ናሙና የሚወስድ ሰው ጠራን። አስቤስቶስ ነው ተባለ። ፈቃድ ያለው ድርጅት መጥቶ አነሳው፣ 780 ፓውንድ። ሰሌዳው የሱቁ ፊት አካል ስለሆነ ወጪው የባለሱቁ ሆነ። ያልጠበቁት ነበርና ከበዳቸው።

ሰሌዳው ከተነሳ በኋላ ዋናው የእንጨት ታፔላ ብቅ አለ። ጥቁር አረንጓዴ ቀለም አለው። ፊደሎቹ ጠፍተዋል፣ ግን ባትሪ በጎን ስታበሩበት የፊደሎቹ ቅርጽ በቀለሙ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የመጨረሻው ቃል ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ባለሱቁ መሰላሉ ላይ ወጥተው በጣታቸው ዳበሱት።

ከላይ ያለውን ከንፈር ስናይ ምክንያቱ ተገኘ። እርሳሱ ስድስት ቦታ ተበስቷል። ታፔላ የሰቀለ ሰው ብሎኑን በእርሳሱ ውስጥ አሳልፎ ድንጋዩ ላይ አስሮታል። የሚጠቀለለውን የብረት መዝጊያ የገጠመ ደግሞ ቢሙን ራሱን ቦርቡሮታል። ከከንፈሩ በላይ ያለው የድንጋይ መጋጠሚያ በሙሉ በሲሚንቶ ስቲላቱራ ተደርጓል (መጋጠሚያው ተሞልቷል)፣ ወፍራም፣ ወደ ውጭ የተገፋ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሥራ ጨርሶ ሄዷል። ውሃው በብሎኑ ቀዳዳ ይገባል። ሲሚንቶው መውጫ ይከለክለዋል። ቢሙ ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ከላዩ ያለውን ድንጋይ ወደ ላይ ይገፋል። ድንጋዩ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ተጨማሪ ውሃ ይገባል።

ኤፕሪል፣ አጋማሽ፦ መሐንዲሷ

የስትራክቸር መሐንዲስ አስመጣን። መዶሻዋን ቢሙ ላይ አሳረፈችና ዝገቱ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ተላቀቀ። ደነገጥኩ። እሷ ግን አልደነገጠችም። ሮት አይረን ሲዝግ እንዲህ ነው የሚላቀቀው አለች፤ ዝገቱ ብዙ ቢመስልም የጠፋው ብረት ትንሽ ሊሆን ይችላል። ፍቆ አጽድቶ የቀረውን ውፍረት በካሊፐር መለካት ነው።

ለካች። ከሁለቱ ጫፎች በስተቀር ቢሙ በቂ ውፍረት አለው። አይቀየርም፤ ይጸዳል፣ ይቀባል፣ አንዱ ጫፍ ላይ ተጨማሪ የብረት ሳህን ይገጠምለታል። ለዚህ ውሳኔዋ በጣም አመሰግናታለሁ። ቢም መቀየር ማለት ሦስት ፎቅ ድንጋይ በጊዜያዊ ድጋፍ ይዞ መቆም ማለት ነው፤ ሱቁም ለወራት ይዘጋል። ቱምቢ ጥላ የፊቱን ግድግዳም አየችው። ቀጥ ብሏል።

ኤፕሪል መጨረሻ እና ሜይ፦ ማን ይከፍላል?

ይሄኛው ከድንጋዩ በላይ ደከመኝ፣ ግን በዝርዝር ልጻፈው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ የጋራው ነገር ሲበላሽ ስብሰባ።

የላይኞቹ ባለቤቶች ‹የሱቁ ታፔላ ነው ያበላሸው፣ ሱቁ ይክፈል› አሉ። ባለሱቁ ‹ከታፔላዬ በላይ ያለው የናንተ ግድግዳ ነው› አሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ያ መስመር ለመቶ ዓመት ያህል ባለቤት ያጣው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ከላይ ያለው ሰው የታች ነው ይላል፣ ከታች ያለው የላይ ነው ይላል፣ ማንም መሰላል አያቆምበትም።

መጀመሪያ የሚታየው የባለቤትነት ሰነዱ ነው። የኛ ሰነድ ስለ ጥገና ወጪ ግልጽ ነገር አይናገርም። ሰነድ ዝም ሲል የ2004ቱ የስኮትላንድ የቴነመንት ሕግ ይገባል። በሕጉ መሠረት የውጭ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ መሠረት፣ ሸክም የሚይዝ ቢምና ኮለን የሁሉም ወጪ ናቸው። ቢሙ ሱቅ ውስጥ መገኘቱ ለውጥ አያመጣም። የሱቁ በር፣ ቬትሪናና ታፔላ ግን የሱቁ ናቸው።

ውሳኔ በድምፅ ብልጫ ነው። እያንዳንዱ ቤት፣ ሱቅም ጭምር፣ አንድ ድምፅ አለው። ከስምንት አምስት ይበቃል። አገኘን። ከውሳኔው በኋላ ያልተስማማ ሰው ፍርድ ቤት የሚሄድበት 28 ቀን አለ፣ ስለዚህ አስቸኳይ ካልሆነ ያን ጊዜ ሳይጠብቁ ሥራ አይጀመርም።

አከፋፈሉን እንዲህ አሰላነው። ትልቁ ቤት ከትንሹ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ከሆነ በወለል ስፋት ይካፈላል፤ ካልሆነ እኩል። ትልቁ ሱቅ 85 ካሬ፣ ትንሹ ሱቅ 40 ካሬ። ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሦስቱ ቤቶች 62 ካሬ፣ ሦስቱ 48። ድምሩ 455 ካሬ።

ፖንቴና የእግረኛ መንገድ ፈቃድ 6,500 ፓውንድ። ቢምና ድንጋይ 12,000። እርሳስ 3,500። ስቲላቱራ 2,400። መሐንዲስ 1,600። በጠቅላላው 26,000፤ 20 በመቶ ቫት ሲጨመር 31,200። የትልቁ ሱቅ ድርሻ ወደ 5,829፣ የኔ ወደ 4,251፣ 48 ካሬ ያላቸው ወደ 3,291፣ ትንሹ ሱቅ ወደ 2,743። እኩል ቢሆን ኖሮ ለሁሉም 3,900 ይደርስ ነበር። ሥሌቱን ወረቀት ላይ አትሜ በየበሩ ስከት ክርክሩ ቀነሰ። ሰው የሚናደደው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ሁለት ፈራሚ ያለው የጋራ አካውንት ከፍተን ገንዘቡ አስቀድሞ እንዲገባ አደረግን። ሌላ ከተማ የሚኖር አንድ አከራይ ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠም። በ2006ቱ የቤቶች ሕግ ማዘጋጃ ቤት ያልተከፈለን ድርሻ ከፍሎ በኋላ ከባለቤቱ ማስመለስ እንደሚችል ጠቅሰን ደብዳቤ ጻፍንለት። ከፈለ።

ጁን፣ መጀመሪያ፦ ፖንቴ

ፖንቴው ቆመ። ባለሱቁ ሱቁን አልዘጉም፤ የፖንቴው እግሮች ከበሩ ግራና ቀኝ እንዲሆኑ ቀድመን ተነጋግረናል። ቲማቲሙና ቆስጣው ፖንቴው ሥር ተደረደረ። አቧራ እንዳይወርድ መጀመሪያው ወለል በፕላስቲክ ተሸፈነ።

ጁን፦ ሲሚንቶውን ማውጣት

ድንጋይ ጠራቢው ለዓመታት ቴነመንት ላይ የሠራ ሰው ነው። እኔም ለቀላሉ ሥራ ረዳት ሆኜ ገባሁ።

ግራይንደር አይነካም አለኝ። የፊቱ ድንጋይ መጋጠሚያ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ አንዳንዱ ከዚያም የጠበበ። ከዚህ በፊት ሲሚንቶ የሞሉት ሰዎች ለሲሚንቶው ቦታ ለማግኘት መጋጠሚያውን በግራይንደር አስፍተውታል። የድንጋዩ ጠርዝ ተበልቷል፣ አይመለስም። እኛ በቀጭን መሮና በትንሽ መዶሻ ነው የምናወጣው። መጀመሪያ መሃሉን መስበር፣ ከዚያ ቀሪውን ከጠርዙ ወደ መሃል ማላቀቅ። መሮው ወደ ድንጋዩ ካዘነበለ ጠርዙ ይፈነቀላል።

ሲሚንቶው ድንጋዩን የሚጎዳበት መንገድ አንዱ ድንጋይ ላይ በደንብ ይታይ ነበር። ሲሚንቶው እንዳለ ቆሟል። ድንጋዩ ግን ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሸሽቷል፣ በጣት ሲነካ አሸዋ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ በግድግዳ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በለሰለሰው በኩል ነው የሚተነው። መጋጠሚያው ኖራ ከሆነ በኖራው ይወጣል፣ ኖራው ቀስ እያለ ያልቃል፣ ይተካል። መጋጠሚያው ሲሚንቶ ከሆነ ግን በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ይገደዳል። ጨውና በረዶ ድንጋዩን ይበሉታል። ለዚህ ነው የመጋጠሚያው ነገር ሁልጊዜ ከድንጋዩ የለሰለሰ መሆን ያለበት።

ጠራቢው ለፊቱ ኤንኤችኤል 2 የሚባለውን ለስላሳ ዓይነት ኖራ በደቃቅ አሸዋ አዘጋጀ። የመጀመሪያው ናሙና ሲደርቅ ነጭ ሆነ፣ ከድንጋዩ ጋር አልሄደም። አሸዋውን ወደ ቢጫ የሚያደላ አደረገው። ሁለተኛው ናሙና ተቀባይነት አገኘ። መጋጠሚያው መጀመሪያ በውሃ ይረጠባል፣ ኖራው በቀጭን ብረት እየተጠቀጠቀ ይገባል፣ ትንሽ ሲጠነክር በጠንካራ ብሩሽ ይመታል። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ይንጠለጠልበታል። ኖራ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ፀሐይና ነፋስ ካደረቁት ዱቄት ይሆናል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ደግሞ አይሠራም። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ በክረምት መጀመር ገንዘብ መጣል ነው።

ጁን መጨረሻ፦ ቢሙ

ዝገቱ በመርፌ መዶሻ ተፋቀ፣ በአየር የሚሠራው ዓይነት። ጩኸቱ ከባድ ስለሆነ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የተሠራው። አሮጌው ቀለም ውስጥ እርሳስ ስላለ ደረቁን መፈግፈግ አይመከርም፤ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ ፒ3 ማስክ፣ የሚጣል ልብስ፣ አቧራው በልዩ ቫኪዩም ይሳባል። ከዚያ ዚንክ ፎስፌት አንቲረስት፣ በላዩ ኤፖክሲ ቀለም። ጫፉ ላይ የብረት ሳህኑ በብሎን ታሰረ። ብየዳ አልተጠቀሙም፤ አሮጌ ሮት አይረን በብየዳ የሚሆነው ነገር አይታመንም አለች መሐንዲሷ። በቢሙና በድንጋዩ መካከል የቀረው ክፍተት በስሌት (የጣሪያ ስስ ድንጋይ) ስንጣሪና በኖራ ተሞላ።

ጁላይ፣ መጀመሪያ፦ ወለሌ ሥር

ሱቁ ኮርኒስ ጥግ ሲከፈት አመድ ወረደ። ብዙ አመድ። በቪክቶሪያ ዘመን ቴነመንት በወለልና በታችኛው ኮርኒስ መካከል የከሰል አመድና ጥቀርሻ ይሞላል፣ ድምፅ እንዳያልፍ። ክብደቱ ነው ድምፁን የሚያፍነው። በደህና ጊዜ ጥሩ ዘዴ ነው። ውሃ ሲገባበት ግን ለወራት ይዞ ይቆያል፣ እንጨቱንም ያረጥባል። የወለሌን ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ በስክሪው ድራይቨር ወጋናቸው። ሦስቱ ጫፋቸው ላይ ለስልሰዋል። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ እንጨት በጎን ተደርቦ በብሎን ታሰረ። አዲሱ ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ውሃ በማያሳልፍ ነገር ተጠቅልሏል። እርጥቡ አመድ በጆንያ ወጣ፣ ደረቁ ተመለሰ፣ ከሥሩ ሁለት ድርብ እሳት የሚቋቋም ቦርድ ተመታ። ከታች ሱቅ ሲኖር የእሳቱ ነገር አይታለፍም። 1,800 ፓውንድ፣ ከባለሱቁ ጋር እኩል ተካፈልን።

ጁላይ፦ ድንጋይ

አምስት ድንጋይ መቀየር ነበረበት፣ ሁሉም ከቢሙ በላይ ያሉ የተሰነጠቁ። የኛ ድንጋይ ወደ ቢጫ የሚያደላው ነው። የግላስጎው የቢጫ ድንጋይ ብዙው ከከተማዋ ዙሪያ ነው የወጣው፤ አንዱ ታዋቂ ቦታ ጊፍኖክ ነው፣ ከኛ ሰፈር ወደ ደቡብ። እነዚያ ካባዎች (ድንጋይ የሚወጣባቸው ቦታዎች) እያለቁ ሲሄዱ ከተማዋ በባቡር ከደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ ከደምፍሪስና ከኤርሻየር፣ ቀይ ድንጋይ ማምጣት ጀመረች። ስለዚህ ግላስጎው ውስጥ የሕንፃን ዕድሜ በቀለሙ መገመት ይቻላል፤ ቢጫው ቀደምቱ፣ ቀዩ አብዛኛውን ጊዜ ከ1890ዎቹ ወዲህ። የደምፍሪሱ ሎካርብሪግስ ካባ ዛሬም ይሠራል። የጊፍኖክ ግን የለም። ጠራቢው ከሰሜን እንግሊዝ የሚመጣ ድንጋይ መረጠ። የአሸዋው ቅንጣት መጠንና ውሃ የመምጠጥ አቅሙ መቀራረብ አለበት፤ ቀለሙ በጊዜ ይዋሃዳል።

የተበላሸው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ተቆርጦ አዲሱ ተከተተበት፣ በማይዝግ ብረት ካስማና በኖራ። እያንዳንዱ ድንጋይ ከመግባቱ በፊት ንጣፉ ታየ። የአሸዋ ድንጋይ በተፈጥሮው ንጣፍ በንጣፍ ነው። ንጣፉ አግድም ሆኖ መቀመጥ አለበት፣ መሬት ውስጥ እንደነበረው። ንጣፉ ከፊቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ከቆመ ድንጋዩ በቅርፊት ቅርፊት ይላጣል። ከተነሱት አምስቱ ሁለቱ እንደዚያ ቆመው የተገነቡ ነበሩ፤ የድሮ ግንበኛም ሲቸኩል ይታያል።

አንድ ጎረቤት ፖንቴው እያለ ግድግዳውን በሙሉ አናጥበውም ወይ ብላ ጠየቀች። ጥቁረቱ የድሮ ጭስ ነው፤ ከ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግ በፊት ከተማው በሙሉ በከሰል ነበር የሚሞቀው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ብዙ ቴነመንት በአሸዋ ግፊትና በአሲድ ታጥቧል፣ የብዙዎቹ ድንጋይ ፊትም አብሮ ታጥቧል። አይሆንም አልኩ፣ ጠራቢውም ደገፈኝ። ጥቁሩ ይቆይ።

ጁላይ መጨረሻ፦ እርሳስ

የከንፈሩ አናት በኮድ 6 እርሳስ ተሸፈነ፣ ውፍረቱ 2.65 ሚሊ ሜትር። እርሳስ በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይኮማተራል፤ ረጅም ቁራጭ ከሆነ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንዱ ቁራጭ ከ1.5 ሜትር አይበልጥም፣ መገጣጠሚያው ተጠቅልሎ እንዲንቀሳቀስ ይተዋል። የላይኛው ጠርዝ በግድግዳው ውስጥ በተቆረጠ 25 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ገባ። የታችኛው ጠርዝ ውሃ እንዲያንጠባጥብ ከድንጋዩ ራቅ ተደርጓል። መጨረሻ ላይ ዘይት ተቀባ፣ አዲስ እርሳስ ሲዘንብበት ነጭ እድፍ ድንጋዩ ላይ ስለሚያወርድ።

ከባለሱቁ ጋር አንድ ነገር በጽሑፍ ተፈራረምን። ከዚህ በኋላ ታፔላ የሚታሰረው እንጨቱ ላይ ብቻ ነው። እርሳሱ፣ ድንጋዩና ቢሙ አይበሱም።

ኦገስት፦ የሱቁ ፊት

ይሄ የሳቸው ወጪ ነው፤ ዕቃውን እሳቸው ገዙ፣ ጉልበቱን እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰጠሁ። አዲስ የፕላስቲክ ታፔላ ሊያዝዙ ነበር። የድሮውን እንጨት ካዩ በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ።

ቀለሙን ለማንሳት መጀመሪያ የሙቀት አየር አሰብን፤ እርሳስ ያለበት ቀለም ሲሞቅ ጭሱ መርዝ ነው፣ ተውነው። እንደ ሊጥ የሚለጠፍ የቀለም ማስለቀቂያ ገዛን። ለአንድ ሌሊት ተለጥፎ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሲነሳ ብዙውን ድርብ ይዞ ይወጣል። ለጎድጓዳው ጌጥ ሁለት ጊዜ አስፈለገ።

ከቬትሪናው ሥር ያለው የእንጨት ግድግዳ ታችኛው ጠርዙ በስብሷል፣ ከእግረኛ መንገዱ ውሃ ስለሚረጭበት። የበሰበሰውን 15 ሴንቲ ሜትር ቆርጠን በአዲስ ተካን። ኮለኖቹ ደህና ናቸው። አንዱ በካርቶን ሳጥን ታሽጎ ነበር፤ ሳጥኑ ሲነሳ አናቱ ላይ የቅጠል ቅርጽ ያለው ጌጥ ወጣ።

የወደድኩት ነገር ከቬትሪናው በላይ የተገኘው ነው። ሱቁ ውስጥ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ኮርኒስ አለ፣ ከሱ በላይ ደግሞ በቀለም የተደፈኑ ትንንሽ መስታወቶች በረድፍ። የድሮ ሱቅ ጥልቅ ነው፣ መብራቱም ጋዝ ነበር። መስታወት ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃን ወደ ውስጥ ይርቃል። ስለዚህ ቬትሪናውን ለዕቃው፣ ከላይ ያሉትን ለብርሃኑ ሠሯቸው። ባለሱቁ የፊት ለፊቱን ኮርኒስ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ አስነሱ። መስታወቶቹን በምላጭ ፋቅናቸው። አራቱ ተሰንጥቀው ተቀየሩ። አሁን ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ እስከ ሂሳብ መክፈያው ይደርሳል፤ ፊት ለፊት ያሉትን መብራቶች ቀን ቀን አያበሩም።

ታፔላውን በእጅ የሚጽፍ ሰው ተገኘ። የድሮዎቹን ፊደሎች አልደፈናቸውም፤ በቀለሙ ላይ ከፍ እንዳሉ ትተን አዲሱ ጽሑፍ ከጎናቸው ሆነ።

ሴፕቴምበር፦ ልኬት

ፖንቴው ወርዷል። ከምዕራብ የመጣ ከባድ ዝናብ ለሁለት ቀን ወረደ። የእርጥበት መለኪያውን ተሸካሚ እንጨቶቹ ላይ አደረግኩ። ጁላይ ላይ 28 በመቶ የነበረው 19 ሆኗል። ከ20 በላይ ከሆነ ብስባሽ ፈንገስ ሊያድግበት ይችላል፣ ስለዚህ ገና ዳር ላይ ነው። ግድግዳው በኖራ እስኪለሰን ድረስ ክፍት ይቆያል፤ እስኪደርቅ መቸኮል የለም። በየወሩ እለካለሁ።

ቀጣዩ የኋላው ግቢ ነው። እዚያ ያለው የብረት አሸንዳ ቱቦ በግድግዳው በኩል ባለው ጀርባው ተሰንጥቋል፣ ቀለም ቀቢ ብሩሹን የማያስገባበት ቦታ። ጣሪያው ላይም የተንሸራተቱ ስሌቶች አሉ። የኛ ስሌት ከምዕራብ ስኮትላንድ ነው፤ የባላኩሊሽ ካባ በ1955 ስለተዘጋ ከሚፈርሱ ሕንፃዎች የተለቀመ አሮጌ ስሌት እየፈለግን ነው። የጋራው አካውንት ውስጥ 640 ፓውንድ ቀርቷል። ለቱቦው ሁለት ዋጋ ተቀብያለሁ፣ ስብሰባው ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ሱቁ ውስጥ ነው።